ታስሮ ለወጣ ሰው፦ መታወቂያ ከማውጣት እስከ ድምፅ መስጠት

ጎንደር ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አንገረብ ማረሚያ ቤት ስንቅ አድርሰው የሚመለሱ እናቶች፣ በቅርቡ የተፈቱ ልጆች፣ ወንድማቸውን ሊቀበሉ ከደምቢያና ከወገራ የመጡ ሰዎች ሌላ ጉዳይ ይዘው ይቀመጡና ሊነሡ ሲሉ አንድ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ «ታስሮ የወጣ ሰው ይመርጣል ወይ? መታወቂያስ የለው፣ በምን ይመዘገባል?» ለአንዱ ሙሉውን ስነግር ለሌላው ግማሹ ይቀርብኛል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ጻፍሁት።

አጭሩ መልስ፦ ይመርጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ በሕጉ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ታስሮ መውጣት ይህን መብት ለዕድሜ ልክ አይወስደውም። ከወጣ በኋላ የሚከለክለው ፍርድ ቤቱ በውሳኔው ላይ ከሕዝባዊ መብቱ ሽሮት ከሆነና ጊዜው ገና ካላለቀ ነው። እኔ የማያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን የሚቀሩት በፍርድ ሳይሆን በወረቀት ነው። መታወቂያቸው ጠፍቷል፣ ስማቸው ከቤተሰብ ቅጽ ተሰርዟል፣ ሲሯሯጡ ደግሞ የምዝገባው ቀን አልፎባቸዋል።

ይህ መመሪያ ቅጣቱን ጨርሶ፣ በአመክሮ፣ በይቅርታ፣ በምሕረት ወይም በነጻ ለተለቀቀ ሰው ነው። ገና በቀጠሮ ላይ ስላለ ሰው ወደ ታች ለብቻው ጽፌአለሁ። ፍርዱን እየፈጸመ ያለ ታራሚ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ተራ ቁጥር 1ን እና 3ን ከአሁኑ ቢጀምር ሰውየው ሲወጣ ብዙ ወር ያተርፋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቅጣት ውሳኔው ግልባጭ፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት
- የመፈቻ ወረቀት (በአመክሮ፣ በይቅርታ ወይም በምሕረት ከሆነ ይህንኑ የሚገልጸው ደብዳቤ ወይም ሰርተፍኬት)
- አሮጌው የቀበሌ መታወቂያ፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን፤ ከጠፋ ከፖሊስ የጠፋ ማስረጃ
- ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ካለ
- ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ቢያንስ 4
- የሁሉም ወረቀት ኮፒ፣ ሁለት ሁለት
- ከሌላ ወረዳ ለሚመጣ መሸኛ
- በራስዎ ስም የወጣና የሚሠራ ስልክ ቁጥር
- በሰፈሩ የሚያውቁዎት፣ መታወቂያ ያላቸው ሦስት ሰዎች፣ በተጠሩበት ሰዓት ሊመጡ የሚችሉ

ማስጠንቀቂያ፦ ዋናውን ወረቀት ለማንም አይስጡ። ያሳዩ፣ ኮፒውን ይስጡ፣ ዋናውን ይዘው ይመለሱ። የመፈቻ ወረቀት ዋናውን አስረክቦ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ለማግኘት ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት ሲመላለስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

1. መጀመሪያ የፍርዱን መጨረሻ ያንብቡ

ብዙ ሰው ወደ ቀበሌ ይሮጣል። እኔ ግን ፍርድ ቤት ይሂዱ እላለሁ፤ መብቱ ተሽሮ ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ብቻ ነውና። የቅጣት ውሳኔውን ሙሉ ግልባጭ ይጠይቁ። የመዝገብ ቁጥሩን የማያውቁ ከሆነ የተከሳሹን ሙሉ ስም፣ የተከሰሰበትን ወንጀልና የተፈረደበትን ዓመት ይዘው ለመዝገብ ቤቱ ያመልክቱ።

ግልባጩን ሲያገኙ የእስራቱ መጠን ከተጻፈበት መስመር በታች ይመልከቱ፤ «ትእዛዝ» የሚለውንም ክፍል አይዝለሉ። እዚያ «ከሕዝባዊ መብቶቹ ለዚህን ያህል ዓመት ተሽሯል» የሚል ወይም ይህን የሚመስል ዐረፍተ ነገር አለ ወይስ የለም? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 123 ፍርድ ቤት ከዋናው ቅጣት ጋር ጥፋተኛውን ከመምረጥና ከመመረጥ፣ ለሰነድ ምስክር ወይም ዋስ ከመሆን መብት ሊሽረው እንደሚችል ይናገራል። ሊሽረው ይችላል ማለት ግን በራሱ ይሻራል ማለት አይደለም። ዳኛው ካልጻፉት የለም።

ዐረፍተ ነገሩ ከሌለ ወደ ተራ ቁጥር 2 ይለፉ። ካለ ደግሞ የዓመቱን ቁጥር ይያዙ። ለጊዜው የሚሰጥ ሽረት ከ1 ዓመት አያንስም፣ ከ5 ዓመት አይበልጥም። የሚቆጠረው ከተፈረደበት ቀን ሳይሆን እስራቱ ካለቀበት ወይም በአመክሮ ከተለቀቁበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ነው። ለምሳሌ መጋቢት 10 ቀን 2015 የወጣና ለ2 ዓመት የተሻረ ሰው እገዳው መጋቢት 10 ቀን 2017 ላይ ያበቃል። ስለዚህ የመፈቻ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እንደ ወርቅ ይጠበቅ።

ጉዳዩ ይግባኝ ተብሎበት ከነበረ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ግልባጭ ብቻውን አይበቃም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን አሻሽሎ ከሆነ ሽረቱንም ነክቶት ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻውን ውሳኔ ይያዙ።

ይቅርታና ምሕረት አንድ አይደሉም። በይቅርታ የወጣ ሰው ቅጣቱ ይቀርለታል እንጂ ጥፋተኛ መባሉ በመዝገብ ይኖራል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ሽረቱን ጭምር ያነሣ እንደሆነ በጥንቃቄ ያንብቡ። ምሕረት ግን ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርገዋል። በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1096 መሠረት የምሕረት ሰርተፍኬት የወሰዱ ሰዎች ያንን ወረቀት ዛሬም ከእጃቸው አያውጡት።

ሌላም መንገድ አለ። የወንጀል ሕጉ «መሰየም» በሚለው ሥርዓት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ፍርዱ እንዲሰረዝለትና መብቱ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጽኑ እስራት ከነበረ ከ5 ዓመት፣ ቀላል እስራት ከነበረ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መልካም ጠባይ ማሳየትና የተፈረደ ካሣ ካለ መክፈል ያስፈልጋል። ለዚህ ጠበቃ መያዝ ለከበደው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ሄዶ ይጠይቅ። እኔም ጉዳዩ ከአቅሜ በላይ ሲሆን ወደዚያ ነው የምልከው።

ክረምት ላይ ፍርድ ቤት በከፊል ዝግ መሆኑን አይርሱ። ግልባጩን ሐምሌ ሳያልቅ ይውሰዱ።

2. የመፈቻ ወረቀቱን በር ላይ ቆመው ያንብቡ

የሚፈታ ሰው ልቡ ቤቱ ደርሷል፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ቤተሰብ የሚቀበል ካለ ይህን ሥራ ይውሰድለት። አምስት ነገር ይመልከቱ፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የወጪ ቁጥርና ቀን፣ ፊርማና ማኅተም። አንዱ ቢጎድል ወይም ቢሳሳት እዚያው እንዲታረም ይጠይቁ። በማግስቱ ለመመለስ፣ በተለይ ከአይከል ወይም ከዳባት ለመጣ ሰው፣ መኪናውም ቀኑም ከባድ ነው።

ሲያዙ ያስረከቡት ዕቃ ካለ፣ መታወቂያና የባንክ ደብተር ጭምር፣ በዚያው ቀን ይጠይቁ። የመጀመሪያ ምርመራው የተደረገበት ፖሊስ ጣቢያም የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል።

3. ስሙን አንድ ያድርጉት

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያደክመው ይህ ነው፣ ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

እኛ አገር አንድ ሰው ሁለት ሦስት ስም አለው። እናቱ የምትጠራው፣ የክርስትና ስሙ፣ በትምህርት ቤት የተመዘገበበት። ፖሊስ ሲይዘው የሰፈር መጠሪያውን ይጽፋል፣ ክሱ በዚያ ይከፈታል፣ ፍርዱም መፈቻውም በዚያው ይወጣል። ቀበሌ ያለው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ግን ሌላ ስም ነው። ሠራተኛው ሁለቱን አስተያይቶ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ይላል፤ አጥፍቷል ማለትም አይቻልም። በፊደል ብቻ የሚለያይም አለ፦ ኃይለማርያም በአንዱ፣ ሀይለማሪያም በሌላው። አንዳንዴ የአያት ስም ቀርቶ ይገኛል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና በእያንዳንዱ ላይ ያለውን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና የትውልድ ዘመን በአንድ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ልዩነቱ በፊደል ብቻ ከሆነ ለቀበሌው በማመልከቻ ያስረዱ፣ ምስክር ይያዙ። ስሙ ጨርሶ ሌላ ከሆነ «በዚህና በዚያ ስም የሚጠራው አንድ ሰው ነው» የሚል ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ይህን ሳይጨርሱ አዲስ መታወቂያ አያውጡ። በተሳሳተ ስም የወጣ መታወቂያ ፋይዳውንም (ዲጂታል ብሔራዊ መታወቂያውን) የምርጫ ካርዱንም አብሮ ያሳስታል፤ ከዚያ ሦስቱን ለማረም ነው የሚሮጡት።

ቤተሰብ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የታሰረው ሰው ስም ከቤተሰብ ቅጽ እንዳይወጣ ጠብቁ። ቅጹ በታደሰ ቁጥር «የት ነው?» ሲባል «የለም» ብላችሁ አትለፉ፤ «ታስሯል፣ ቤቱ ግን ይህ ነው» በሉ። አሳፋሪ መስሎ የተዘለለ ስም ሲወጣ እንደ አዲስ ነዋሪ ያስቆጥረዋል።

4. ቀበሌ፦ የነዋሪነት መታወቂያ

መታወቂያው ሁለት ሥራ አለው፤ ማን እንደሆኑና የት እንደሚኖሩ ያሳያል። ለምርጫ ሁለተኛው እኩል ይመዝናል፤ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመራጭነት የሚመዘገብ ሰው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበትና። መታወቂያውን ዛሬ ማውጣት ማለት ስድስቱን ወር ዛሬ በማስረጃ መጀመር ማለት ነው።

ሀ. ከመታሰርዎ በፊት ወደሚኖሩበት ቤት ከተመለሱ። አዘዞም ይሁን ማራኪ፣ ጃንተከልም ይሁን ፋሲል፣ አራዳም ይሁን ዞብል ወደ ቀድሞው ቀበሌዎ ይሂዱ። አሮጌውን መታወቂያ ወይም የፖሊስ የጠፋ ማስረጃ፣ የመፈቻ ወረቀት ኮፒ፣ ፎቶግራፍና የቤተሰብ ቅጹ የተከፈተበትን ሰው ይዘው ይቅረቡ። ማደስ ከአዲስ ማውጣት ስለሚቀል ስምዎ ቅጹ ላይ እንዳለ አስቀድመው ያስፈትሹ።

ለ. ከገጠር መጥተው አንገረብ ታስረው፣ ሲወጡ ጎንደር ዘመድ ቤት ከቀሩ። አንገረብ መታሰር የጎንደር ነዋሪ መሆን አይደለም። የነበሩበት ቀበሌ ሄደው መሸኛ ያምጡ፣ ያስጠጋዎት ዘመድም ቀበሌው ቀርቦ በቤቱ እንደሚኖሩ ያስመዝግብ። ስድስት ወር የማይሞላልዎት ከሆነ መሸኛውን ከማውጣትዎ በፊት ያስቡበት። ምናልባት በትውልድ ቀበሌዎ ተመዝግበው በምርጫው ቀን ሄደው መምረጡ የተሻለ ይሆናል። መሸኛ አውጥተው አዲሱ ቦታ ላይ ሳይመዘገቡ ከቀሩ ከሁለቱም ያጣሉ።

በጥምቀት ሰሞን የቀበሌ ጉዳይ አይያዙ። ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ሠራተኛው ሌላ ሥራ ላይ ይሰማራል። ከጥር 15 በኋላ ይሂዱ።

5. ፋይዳ

ምዝገባው በነጻ ነው። የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳሉ፤ ከዚያ ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ይደርስዎታል። ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብ ይችላል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ቁጥሩና የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በሰጡት ስልክ ነው። ለብዙ ጊዜ ታስሮ የወጣ ሰው የድሮ ሲሙ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሲምዎን በስምዎ ያስተካክሉ። ሁለተኛ፣ በእስር ቤት ድንጋይ ወይም ሽመና ሲሠራ የኖረ እጅ አሻራው ይደበዝዛል። በዋዜማው ሸካራ ሥራ አይሥሩ፣ ጠዋት እጅዎን በለብ ያለ ውኃ ታጥበው ይሂዱ።

ፋይዳ ማንነትን ያሳያል እንጂ ዜግነትን ወይም የትኛው ምርጫ ክልል እንደሚኖሩ አያረጋግጥም። «ፋይዳ አለኝ፣ የቀበሌው ይቅር» አይበሉ።

6. ለመራጭነት መመዝገብ

ምዝገባ የሚካሄደው ምርጫ ቦርድ በሚያወጣው የጊዜ ሰሌዳ ብቻ ነው። አንድ ቀን ካለፈ አለፈ። በሬዲዮ የተነገረውን ቀን ግድግዳ ላይ ይጻፉት።

በሚኖሩበት አካባቢ ያለውን ምርጫ ጣቢያ ይወቁና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሂዱ። አንድ ጣቢያ ከ1,500 መራጭ በላይ አይመዘግብም፤ ከሞላ ወደ ሌላ ይመራዎታል። መታወቂያዎን ወይም ፓስፖርትዎን ያሳዩ። ሰነድ ያልተሟላለት ሰው በአካባቢው በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት ሥርዓት አለ፤ ሦስቱ ሰዎች የሚያስፈልጉት እዚህ ነው። የተፈረመበትን መዝገብ ሳያዩ አይነሡ፣ ካርዱን እንደተቀበሉ ስምዎንና የጣቢያውን ስም ያንብቡ፣ ስህተት ካለ እዚያው ይናገሩ።

መዝጋቢው ከዚህ በፊት ስለመታሰርዎ ሰምቶ «አንተ አትችልም» ቢል አይጣሉ። ግልባጩን ያሳዩ፦ «ፍርዱ ይኸውና፣ ከሕዝባዊ መብት መሻር የሚል የለበትም፣ መፈቻዬም ይኸውና።» እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁና በዚያው ቀን በጣቢያው ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመልክቱ። ካልተስማሙ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ «ነገ» አይበሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ቦታ መመዝገብ፣ በሌላ ሰው ስም መመዝገብና ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ወንጀል ነው። በተለይ በአመክሮ ለወጣ ሰው ተመልሶ የሚያስገባ ነገር ነው። ምዝገባም ካርድም በነጻ ነው፤ «ላስጨርስልህ» ለሚል ደላላ ሳንቲም አይክፈሉ።

7. በምርጫው ቀን

ካርዱንና መታወቂያውን ይዘው በተመዘገቡበት ጣቢያ ብቻ ይቅረቡ። ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፤ የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ሰልፍ ላይ ከነበሩ ሳይመርጡ አይመለሱም። ዓይኑ የደከመ ወይም ማንበብ የማይችል የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ካርድ ከጠፋ ቀኑን አይጠብቁ፣ ቀድመው ለጣቢያው ያመልክቱ።

ገና በቀጠሮ ላይ ላለ ሰው

የቀጠሮ እስረኛ አልተፈረደበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ ክስ ብቻውን የመምረጥ መብቱን አይወስድም። ችግሩ አካሉ ነው፦ በአገራችን በፖስታ ወይም በወኪል ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ የምዝገባ ሰሌዳ እንደወጣ እስረኛው ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር፣ ቤተሰቡ ደግሞ ለምርጫ ቦርድ ቅርንጫፍ በጽሑፍ ያመልክት፤ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርግበት። በቃል የተጠየቀ እንዳልተጠየቀ ነው። ተመዝግቦ ከነበረ በኋላ ከተያዘ ካርዱ ቤት ይቀመጥ፣ ዋስትና ቢፈቀድለት ይዞት ይሄዳል። ሚስትም ወንድምም በካርዱ ሊመርጡለት አይሞክሩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- «ከወንጀል ነጻ» የሚል የአሻራ ማስረጃ ለማውጣት ገንዘብና ጊዜ ማጥፋት። ለሥራ ይጠየቅ ይሆናል፤ ለመራጭነት አያስፈልግም።
- ሳይጠይቁ መተው። አንድ አባት ከወጡ በኋላ ሁለት ምርጫ አለፋቸው፣ «እኔማ የታሰርሁ ነኝ» እያሉ። ግልባጩን አብረን ስናነብ ሽረት የሚል ቃል አልነበረበትም። ወረቀቱን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ እኔም ያን ቀን ሌላ ሥራ አልያዘልኝም።
- ያለፈውን ምርጫ ካርድ ይዞ መቅረብ። በ2007 የተወሰደ ካርድ ለ2013ቱ ምርጫ አላገለገለም።
- «ገደብ»ንና እስራትን ማምታታት። ቅጣቱ የተገደበለት፣ ማለትም እስራቱ ሳይፈጸምበት እንዲቆይ የተወሰነለት ሰው የመፈቻ ወረቀት የለውም፤ የሚያሳየው ግልባጩን ነው።

ለግልባጭ የሚጻፍ ማመልከቻ

ብዙ ሰው ይህን ብቻ ለማስጻፍ ይመጣልና፣ እራስዎ ይገልብጡት፦

«ለ ............ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ጎንደር። አመልካች ............ (ከነአያት)። በመዝገብ ቁጥር ............ በቀን ............ በተሰጠው ፍርድ ተከሳሽ የነበርሁ ስሆን ቅጣቴን ጨርሼ በቀን ............ ተፈትቻለሁ። ለመታወቂያ ዕድሳትና ለመራጭነት ምዝገባ ስለሚያስፈልገኝ የጥፋተኝነት ፍርዱና የቅጣት ውሳኔው ሙሉ ግልባጭ ከነትእዛዙ፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። ፊርማ ............ ቀን ............»

በሁለት ቅጂ ይጻፉት። አንዱን ያስገቡ፣ በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስጽፉበትና ይዘው ይውጡ።